ሙሾ አውራጅና ወሬ ነጋሪ

ሰኞ ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ የዶይቸ ቬለን የአማርኛ ሥርጭት የተከታተለ ሰው ያቺን የመሰናበቻ ቃል ያውቃታል፤ «ቸር ያሰማን»። ነጋሽ መሐመድ «ማሕደረ ዜና» የተባለውን ዝግጅቱን ሲጨርስ ስሙን ይጠራና ይህችን ምርቃት ጣል አድርጎልን ይሄዳል። ምርቃቷ የእሱ ፈጠራ አይደለችም። መንገደኛ ከመንገደኛ ሲለያይ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲሰነባበት የሚባባላት ናት። ግን ልብ በሉልኝ፤ ከምርቃቷ በፊት በነበሩት ደቂቃዎች የሰማነው ሶርያን፣ ጋዛን፣ ካርቱምን፣ ዩክሬንን፣ የእኛኑ ሰሜን ነው። ስንት ሺህ ሰው እንዳለቀ፣ ማን ማንን እንደከዳ፣ የትኛው ውል ወረቀት ላይ እንደቀረ ነው። ያንን ሁሉ አውርዶብን ሲያበቃ ቸር እንድንሰማ ይመኝልናል። ሽሙጥ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። እኔ ግን የአንድ የቆየ ሙያ ምልክት አድርጌ ነው የምሰማት። የትኛው ሙያ እንደሆነ ጥቂት ታገሡኝና እነግራችኋለሁ።

በአገራችን የሬዲዮ ጋዜጠኛ ሥራው የሚመዘነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንድም በመሥሪያ ቤቱ ግምገማ፣ አንድም በቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ። በመጀመሪያው አለቃው ይወቅሰዋል፤ በሁለተኛው ሁላችንም «አንጋፋው» እንለዋለን። በመካከል ያለው የሠላሳና የአርባ ዓመት ሥራ አየር ላይ ተኖ ይቀራል። ልብ ወለድ ሲወጣ ሒስ እንጽፋለን። ግጥም ሲነበብ እናጨበጭባለን፣ ካልጣመንም እናጉረመርማለን። ዩኒቨርሲቲ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በሐዲስ ዓለማየሁ፣ በበዓሉ ግርማ፣ በዳኛቸው ወርቁ ላይ ሲሠሩ ኖረዋል፤ አንድም ተማሪ «የእገሌን የሬዲዮ አማርኛ ላጥና» ብሎ አልመጣም። እውነት ለመናገር፣ አንድ የሬዲዮ ሰው በአንድ ምሽት የሚሰማው ጆሮ አንድ ደራሲ በሃያ ዓመት ከሚያገኘው አንባቢ ሳይበልጥ አይቀርም። ስለዚህ ዛሬ ሰውየው በሕይወት፣ በሥራም ላይ እያለ ሥራውን እንየው። በአካል አላውቀውም፤ ሻይ አብረን ጠጥተን አናውቅም። የማውቀው ድምፁንና ዓረፍተ ነገሩን ነው። ለሒስ ይኸው ይበቃል።

ከጣቢያው ልጀምር። ዶይቸ ቬለ በጀርመን ሕዝብ ግብር የሚተዳደር ጣቢያ ነው። የአማርኛው ክፍል መጋቢት 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ከኮሎኝ ሥርጭቱን ጀመረ፤ ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ቦን ሲዛወር አብሮ ተዛወረ። የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ የመጣው ከዚያ አሥራ ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በመስከረም 1975 ነው። አንድ የእኔ ዘመን ሰው በ19፣ በ25፣ በ31 ሜትር ባንድ ላይ ጣቱን እያንቀሳቀሰ፣ አንቴናውን ወደ መስኮት እያዞረ ያሳለፈውን ምሽት ቢቆጥር ከጋብቻው ዕድሜ ጋር ሳይቀራረብ አይቀርም።

ለወሎ ሰው የውጭ ጣቢያ ቅንጦት ሆኖ አያውቅም። የወሎ ትልልቅ ወሬዎች ባሕር ተሻግረው ካልተመለሱ ለባለቤቱ አይደርሱትም ነበርና። የ1965 እና የ1966ቱን ረሃብ አስቡት። ሰው ከላስታ፣ ከራያ፣ ከየጁ እየፈለሰ በወልድያና በደሴ መንገድ ዳር ሲወድቅ የአገሩ ሬዲዮ የሚያወራው ሌላ ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ፊልሙን ለአገሩ ተመልካች ያሳየው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ነው። ያ ፊልም ለኢትዮጵያ ሕዝብ በቴሌቪዥን የታየው ከዓመት በኋላ ገደማ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው ነበር፤ ያውም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቆራርጦና ተቀጣጥሎ። ሰው ለማዳን በሚያስፈልግበት ጊዜ ያልተነገረው ረሃብ፣ ንጉሥ ለማውረድ ሲያስፈልግ ተነገረ።

በ1977ም እንዲሁ ነው። መስከረም ላይ አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በሰልፍና በመብራት አከበረች። ጥቅምት 13 ቀን ማይክል በርክ የተባለው የቢቢሲ ዘጋቢ ከኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ከመሐመድ አሚን ጋር ሆኖ የቀረፀውን የኮረምን ንጋት ዓለም አየው። ኮረም ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። በርክ ከዚያ በኋላ በአገሩ ሕዝባዊ ሬዲዮ ላይ የሥነ ምግባር ክርክር መሪ ሆኖ ለዓመታት ሠራ፤ መሐመድ አሚን በኅዳር 1989 ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ከወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ጋር ሞተ። ሁለቱም ስማቸው ተመዝግቧል፤ ይገባቸዋልም። ከድንኳኑ ውስጥ ተኝተው የነበሩትን ስም ማን መዘገበው? ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ።

አሁን ወደ ነጋሽ እንመለስ። እሱን ከሌሎች ለመለየት ስሙ እስኪጠራ መጠበቅ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ሬዲዮን የድሮ የዜና ዓረፍተ ነገር ታስታውሳላችሁ? በደርግ ዘመን የሊቀ መንበሩ ማዕረግ ተዘርዝሮ እስኪያልቅ አንድ ጀበና ቡና ይፈላ ነበር፤ ሰውየው ምን እንዳደረጉ የሚነገረን በስተመጨረሻ ነው። በኢሕአዴግ ዘመን ማዕረጉ አጠረና ግሡ በዛ፤ ገለጹ፣ አስታወቁ፣ አስገነዘቡ፣ አሳሰቡ። ሁለቱም የጽሕፈት ቤት አማርኛ ናቸው፤ ከፋይል ወጥተው ወደ ፋይል የሚመለሱ። ነጋሽ ይህን ሰበረው። የእሱ ዓረፍተ ነገር ለጆሮ ተብሎ የተቆረጠ ነው። አጭር ነው። አንዳንዴ ግሥ የለውም። አንድ ዓመተ ምሕረት ይጥላል፤ ቆም ይላል። አንድ ስም ይጥላል፤ ደግሞ ቆም ይላል። ሰሚው ሳይታወቀው የጎደለውን ግሥ ራሱ እየሞላ ይከተለዋል። የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረ ሰው ይህ እንዴት እንደሚከብድ ያውቃል፤ ግሥ ትቶ ትርጉም ያለመተው ነገር ብዙ ገጣሚ የሚሞክረው፣ ጥቂቱ የሚሳካለት ነው።

አጀማመሩም የራሱ ነው። ስለ ትናንቱ ተኩስ ሊነግረን ከሆነ ከትናንት አይነሣም። ሃያ፣ ሃምሳ፣ አንዳንዴም መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ የተኩሱን አያትና ቅድመ አያት ይፈልጋል። ማን ከማን ጋር እንደተፈራረመ፣ ማን ለማን ጦር መሣሪያ እንደሸጠ፣ የትኛው ኮሎኔል የትኛውን ጄኔራል እንደገለበጠ በስም በስማቸው ይጠራል። ከዚያ ነው ቀስ እያለ ወደ ዛሬ የሚወርደው። «ማሕደር» የሚለው ስያሜ ራሱ ነገሩን ይገልጸዋል። የአብነት ተማሪ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ማሕደር ማለት የብራና መጽሐፍ የሚቀመጥበት የቆዳ ማንገቻ ነው። ሰውየው ሰኞ ሰኞ ያንን ማሕደር ፈትቶ አሮጌ ቅጠል ያወጣል።

ይህ አካሄድ ከወዴት መጣ? ከጀርመን አይመስለኝም። ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ሙሾ አውራጇን ሰምታችሁ እንደሆነ ዜማው ትዝ ይላችኋል። ሙሾ አውራጅ ሟቹ በምን በሽታ፣ በስንት ሰዓት እንደሞተ አትነግራችሁም። ከአያቱ ትነሣለች። አገሩን ትጠራለች፣ ወንዙን ትጠራለች፣ በቅሎውንና ጠመንጃውን ትጠራለች፣ የከዱትንና የከዳቸውን ትጠራለች። ድምጿን ጣል፣ ቆም፣ ከዚያ ከፍ። ለቀስተኛው የሚቀበልበትን ቦታ ትተውለታለች። ስትጨርስ ደግሞ ደረቷን ይዛ የቀሩትን ትመርቃለች። እንግዲህ «ቸር ያሰማን» የምትመጣው ከዚያ ነው። ነጋሽ መሐመድ የሬዲዮአችን ትልቁ ሙሾ አውራጅ ነው።

ለማቃለል አልተናገርኩም። ሙሾ ማውረድ ዕውቀት ይፈልጋል፤ የትውልድ ሐረግ ያላጠና ሰው ለቅሶ ቤት መሐል ገብቶ አፉን ቢከፍት ይሳቅበታል። የነጋሽ ማሕደርም ሙሉ ነው። ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር አትርፎልናል፤ የዓለምን ፖለቲካ ያለ እንግሊዝኛ ምርኩዝ በአማርኛ መተረክ እንደሚቻል አሳይቷል። በየአዳራሹ የምንሰማቸው ምሁሮቻችን ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግረው አራተኛው ላይ ፈረንጅኛ ሳይደገፉ መቆም አይችሉም። እሱ ማዕቀቡን፣ ሽምግልናውን፣ የጦር መርከቡን፣ የነዳጅ ዘይት ቱቦውን ሁሉ አንድ የመርሳ ገበሬ በሚገባው ቋንቋ ያወራዋል።

የመርሳን ገበሬ በከንቱ አላነሣሁትም። የሐብሩ ወረዳ ሰው የዓለም ፖለቲካ ለምን ያስፈልገዋል የሚል የአዲስ አበባ ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል። ከመርሳ፣ ከውርጌሳ፣ ከራያ ወጣቱ በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ የመንን አቆራርጦ ወደ ሳዑዲ ሲሄድ ዓመታት ተቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የየመን ጦርነት በአየር ድብደባ ሲባባስ በዚያ መንገድ ላይ የሐብሩ ልጆች ነበሩ። ልጇን በዚያ የሸኘች እናት ሁቲ ማለት ማን እንደሆነ፣ ሰዓዳ ከሳዑዲ ድንበር ምን ያህል እንደሚርቅ ከአንድ የውጭ ጉዳይ ሠራተኛ ባልተናነሰ ታውቃለች። ለእሷ ሰንዓ የውጭ ዜና አይደለችም። የነጋሽ ሰኞ ለእንደዚህ ዓይነቷ ሰሚ ካርታ ሆኖላታል። ልጇን የበላው ጦርነት ከየት እንደመጣ፣ እነማን እንደሚያተርፉበት አውርቶላታል። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን አላደረጉላትም።

ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ሚቆረቁረኝ ልምጣ። ሁልጊዜ ጆሮዬን የምትወጋኝ አንዲት ማሳሰቢያ አለች፤ በዝግጅቱ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን የምትገልጸዋ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ለዓለም ታሪክ አመቺ መሆኑም ይገባኛል። ነገር ግን ወሎ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ቁጥር ብቻ አይደለም። ወልድያ ላይ ለአንድ ሽማግሌ «1984» ብትሉት በትሕትና ያዳምጣችኋል። «ሰባ ሰባት» ብትሉት ግን ፊቱ ይለወጣል። ሰባ ሰባት ስም ነው፤ ሰው የወሰደ ነገር ስም። ሰባትና ስምንት እየቀነሰ የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ ሐዘኑ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ሙሾ አውራጅ የሟቹን ስም በእናቱ ቤት እንደሚጠራበት ነው የምትጠራው እንጂ በክርስትና መዝገብ እንደተጻፈው አይደለም።

ሌላው ከተሞቹ ናቸው። በነጋሽ አማርኛ ዋና ከተሞች ሰው ሆነው ይኖራሉ፤ ዋሽንግተኖች፣ ሞስኮዎች፣ ካይሮዎች፣ አስመራዎች። ይዝታሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ ይታረቃሉ። መጀመሪያ ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ጎረቤታሞች ስለ ድንበር ሲጨቃጨቁ የመስማት ያህል ነው። እየቆየ ግን ዓለም የአሥራ አምስት ቤተሰብ ሠፈር ትመስላለች። በዚያ ሠፈር ውስጥ ወልድያ ቤት የላትም። መርሳ በጭራሽ። የእነዚህ ከተሞች ግሥ ምን እንደሆነ አስተውሉ፤ ተያዘች፣ ተለቀቀች፣ ተደበደበች፣ ተዘረፈች። ሁሉም ተደራጊ ነው። ሰዋስው ስናስተምር አድራጊና ተደራጊ የምንለው ልዩነት ለተማሪው የፈተና ጥያቄ ነው። ለአንድ ሕዝብ ግን ዕጣ ነው፤ በሬዲዮ ስሙ ሲጠራ ሁልጊዜ በ«ተ» ብቻ የሚጠራ ሕዝብ ራሱን እንዴት ይሰማዋል?

በ2013 እና በ2014 ይህ ጥያቄ የሰዋስው ጥያቄ መሆኑ ቀረ። በነሐሴ 2013 የሕወሓት ኃይሎች ወልድያን ያዙ። ከዚያ ጦርነቱ በሲሪንቃ፣ በመርሳ፣ በውርጌሳ አድርጎ ወደ ደሴ ወረደ፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደሴም ተያዘች። ወልድያ ነፃ የወጣችው ታኅሣሥ 2014 ላይ ነው። በእነዚያ አራት ወራት መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም፣ መንገድ የለም። ማሽላው አፍርቶ ቆሟል፣ አጫጁ ተበትኗል። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። እህቴና ልጆቿ ወልድያ ነበሩ። በአራት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በእግር ወጥቶ በአፋር በኩል የመጣ ሰው «በሕይወት አሉ» አለኝ።

በኋላ ስንገናኝ ከሁሉ አስቀድሜ የጠየቅኋት ምን ትሰሙ እንደነበር ነው። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ይሆናል። ከጎረቤት አንድ ቤት የድሮ ሬዲዮ ነበር አለችኝ፤ ልጆቹ ለዓመታት የሳቁበት፣ ከቁም ሣጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ የኖረ። የባትሪ ድንጋይ አልነበረም። ከግድግዳ ሰዓት አወጡ፣ ከእጅ መብራት አወጡ፤ ሲደክምም ቀን ቀን ፀሐይ ላይ እያሰጡ ማታ ይመልሱታል። ድምፁን ዝቅ አድርገው፣ ከጋቢ ሥር፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው። በየቀኑ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት፤ ድንጋዩ እንዳያልቅ።

በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ማወቅ የፈለጉት ምን ነበር? የደሴ መንገድ ተከፍቷል ወይ? ወደ ሐራ የወጣው ሰው ደርሷል ወይ? የስኳር መድኃኒት የት ይገኛል? የቀይ መስቀል መኪና ይመጣል ተብሏል ወይ? ከተፈናቀሉት ውስጥ የእገሌ ልጆች ታይተዋል ወይ? የሰሙት ደግሞ ስለ ኦባሳንጆና ስለ ፌልትማን ነው። የአፍሪካ ኅብረቱ ልዑክ መቀሌ ስለመሄዳቸው፣ የአሜሪካው ልዑክ አዲስ አበባ ስለመግባታቸው። እህቴ ይህን ስትነግረኝ አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ሳቀች። ፌልትማን የት እንዳደረ እናውቅ ነበር አለችኝ፤ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው አክስታችን የት እንዳደረች ግን አናውቅም።

ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫን ግፍ ነው። ሰኞ የትንታኔ ቀን ነው፤ ትንታኔ የመንገድ ወሬ ይንገረን አይባልም። በዚያው ጣቢያ፣ በሌሎችም፣ ከባሕር ዳርና ከደሴ ተፈናቃይ መጠለያ ውስጥ ገብተው ሰው ያነጋገሩ ዘጋቢዎች ነበሩ። ስልክ በሌለበት ከተማ ውስጥ ማንም ስልክ ደውሎ አያነጋግርም። ግን እኔ የማነሣው የአንድ ሰኞን ጉዳይ አይደለም፤ በአንድ ረጅም የሥራ ዘመን ውስጥ የሚታየውን ዝንባሌ ነው። የሬዲዮ ሰው በዜና ይጀምራል፤ ማን፣ የት፣ መቼ እያለ። ተሰጥኦ ካለው ወደ ትረካ ያድጋል። ትረካው ሲያምርለት ሰሚው ይወደዋል፤ ሰሚው ሲወደው ትረካው የበለጠ ያምርለታል። ጣቢያውም የሚያስታውቀው በዚያ ድምፅ ነው። ዘጋቢው ግን እንደ ጀመረ፣ እዚያው አቧራው ላይ ይቀራል፤ ስሙን ከሁለት ደቂቃ በላይ የምንሰማው የታሰረ ዕለት ነው። የሬዲዮአችን የክብር መሰላል ከወሬው እየራቁ የሚወጡበት መሰላል ሆኗል።

አማርኛችን ለዚህ ለሁለተኛው ሰው የራሱ ቃል አለው፤ ወሬ ነጋሪ። የድሮ ዘመቻ ሲተረክ «ወሬ ነጋሪ እንኳ ሳይቀር አለቁ» ይባላል። ይህን አባባል ሳስበው ይገርመኛል። ከአንድ ሠራዊት ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው መትረፍ አለበት ብሎ የሚያስብ ቋንቋ ነው። ጀግና መሆን አይጠበቅበትም፤ አፈ ጮማ መሆንም አይጠበቅበትም። ይበልጥ የሚያምር ሙሾ የምታወርድ ሴት ኋላ ትመጣለች። የእሱ ዋጋ እዚያ መኖሩ ነው። የእገሌ ልጅ በየትኛው ወንዝ ዳር፣ ከማን አጠገብ፣ ፊቱን ወዴት አዙሮ እንደወደቀ ያውቃል። የእሱ ቃል ከሌለ ሙሾ አውራጇ ራሷ የምትለው የላትም፤ የትውልድ ሐረጉን ብቻ ይዛ ትቀራለች። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ የኮረም ድንኳን ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። በርክ ድንቅ ሙሾ አወረደ፤ ዓለምን አስለቀሰ፣ እህልም አስመጣ። ወሬ ነጋሪው ግን ከእኛ ወገን መሆን የነበረበት ሰው ነው፤ በዚያ ዘመን ማይክ የያዘው ወገናችን የአሥረኛውን ዓመት በዓል ይዘግብ ነበር።

ሹማምንትም ልዩነቱን ጠንቅቀው ያውቁታል። በመጋቢት 2002 አቶ መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳስለው፣ አቅሙ ሲኖር እንዲታፈን እንደሚያዙ በአደባባይ ሲናገሩ ሰምተናል። ሞገድ ሲታፈን ዘጋቢውም ተራኪውም እኩል ይታፈናል፤ ያ የድሮው ዘዴ ነው። አዲሱ ዘዴ ይመርጣል። በሐምሌ መጨረሻ 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ኢንተርኔቱ ለወራት ተቋረጠ፤ ከወልድያ አንዲት ፎቶ ማውጣት ጉድ ሆነ። በጥቅምት 2018 ደግሞ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን የዶይቸ ቬለ አማርኛን የአገር ውስጥ ዘጋቢዎች በጊዜያዊነት ከሥራ አገደ። ልብ በሉ፤ የታገዱት ወሬ ነጋሪዎቹ ናቸው። ከቦን የሚመጣው የሰኞው ትረካ የዘጋቢ ፈቃድ አያስፈልገውም። አሜሪካኖቹ በበኩላቸው ማንም ሳያስገድዳቸው፣ በመጋቢት 2017 የገዛ ጣቢያቸውን ድምፅ ራሳቸው አቋረጡ። አርባ ሁለት ዓመት ሲታማና ሲደመጥ የኖረ ሥርጭት በአንድ ሳምንት ጸጥ አለ። በአጭር ሞገድ ላይ ለወሎ ሰው የቀረው ጆሮ ማሳረፊያ ምን ያህል እንደጠበበ ከዚህ አስሉት።

እንግዲህ ነጋሽን የምጠይቀው ሙሾውን እንዲተው አይደለም። ሙሾውን የሚተካ ሰው በቅርብ አይታየኝም፤ ወጣቶቹ የሚኮርጁት ቆም ማለቱን ነው፣ ማሕደሩን አይደለም። ግሥ መጣል ቀሏቸዋል፤ ዓመተ ምሕረቱን ማጥናት ግን ሰልችቷቸዋል። በየዩቲዩቡ የምንሰማው ያ ሁሉ የሚያጓራ ድምፅ የዚህ ፍሬ ነው፤ ሐረግ የማያውቅ ሙሾ አውራጅ።

የምጠይቀው ማሕደሩ ውስጥ የሚገባው ቅጠል እንዲበዛ ነው። እስቲ አንድ ሰኞ ዝግጅቱ ከዋሽንግተን ሳይሆን ከመርሳ መናኸሪያ ይጀምር። በጎርጎርዮስ ሳይሆን በእኛው፣ ታኅሣሥ 2014 ብሎ። ያን ጧት ሱቁን መጀመሪያ የከፈተው ማን ነበር፣ ምን ቀርቶት አገኘ? የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የማሽላ ዘር ምን ሆነ? በወልድያ ሆስፒታል ያን አራት ወር ማን አዋለደ፣ በምን መብራት? ለእነዚህ ጥያቄዎች ግሥ የሚሆነው ሰው አለ፤ ከፈተ፣ ደበቀ፣ አዋለደች፣ ቀበረ። «ተ» አያስፈልጋቸውም። ከዚያ በኋላ ሐረጉን ወደ ኋላ እስከ ፈለገበት ይምዘዘው፤ እስከ ሰባ ሰባት፣ እስከ ስልሳ ስድስት፣ ከፈለገም እስከ ራስ ዓሊ የጁ ድረስ። ያን ጊዜ ፌልትማንም ቦታውን ያገኛል፤ በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ ብቅ ብሎ የሄደ እንግዳ ሆኖ።

ይህን ለእህቴ አነበብኩላት። ሐሳቡን ወደደችው። የሚደውል ካለም ትናገራለች፤ በእጅ መብራት ድንጋይ ሬዲዮ እንዴት እንደሚሠራ፣ ጎረቤቷ በዚያ ወር ማታ ማታ ምን ያደርግ እንደነበር፣ ማን የት እንደተቀበረ አንድ በአንድ ታውቃለች። ስሟ እንዲጠራ ግን አትፈልግም። ለምን ብላት፣ ጊዜው ገና አልጠራም አለችኝ።